ሮምን በአውቶቡስ መስኮት አትዩዋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ሮም የወጣው ጽሑፍ እዚህ ደሴ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው ለከተማዋ አዲስ የሆነ ሰው በባለ ሁለት ፎቁ የጎብኚ አውቶቡስ እንዲዞር፣ ካልሆነም ባንዲራ ከሚያውለበልብ አስጎብኚ ኋላ እንዲሰለፍ ይመክራሉ። ብቻውን የወጣ ሰው መንገድ ይጠፋበታል፣ ገንዘቡም በከንቱ ያልቃል ባይ ናቸው። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ትክክል ግን አይደለም። የአሮጌዋ ሮም መንገዶች ጠባብ ስለሆኑ ትልቅ አውቶቡስ አያስገቡም፤ አውቶቡሱ የሚያሳየው ዳር ዳሩን ነው። ቡድኑም ቢሆን ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸውን አራት አምስት ቦታዎች እያሯሯጠ ያሳይና ይበተናል። የዶጋሊን ሐውልት፣ የውጫሌ ውል በስሙ የተፈረመለትን ንጉሥ መቃብር፣ ከወሎ ምድር የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ የነበሩበትን ቤተ ክርስቲያን የሚያነሳ አስጎብኚ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ለእኛ ሰው ደግሞ የሮም ዋናው ነገር ይህ ነው።

ስለዚህ ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ ወላጆች፣ ለትምህርት የሚሻገሩ ወጣቶች፣ በሮም በኩል ሲያልፉ አንድ ቀን የሚተርፋቸው መንገደኞች በራሳቸው እግር የሚሄዱበትን መንገድ እንጽፋለን። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ያበቃል፤ ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይቆሙ ቢሄዱት ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። እየቆሙ፣ እየገቡ፣ ምሳም እየበሉ ከሆነ ስድስት ሰባት ሰዓት ይመደብለት። የጦሳን ዳገት ለለመደ እግር አይከብድም፤ አብዛኛው ቁልቁለትና ሜዳ ነው። ዓመቶቹንና ሰዓቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍነው፤ ቲኬትና ማስታወቂያ ላይ የሚታየው እሱ ስለሆነ፣ የእጅ ሰዓትን ገና ከአውሮፕላን ሲወርዱ በዚያው ማስተካከል ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ጫማ። የአሮጌው ከተማ መንገድ የተነጠፈው ሳምፒየትሪኒ በሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ላዩ 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ ታች ጠበብ ተደርጎ ተጠርቦ አሸዋ ውስጥ ይተከላል። ዘመንና ጎማ ስላለሰለሰው ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ቀጭን ተረከዝ ይይዛል፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚያ ላይ ነው። ለጉዞው ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተረከዝ ይልጣል። እግር የለመደው፣ ሶሉ ወፍራም ጎማ የሆነ ጫማ ይሁን። ጎማ ያለው ሻንጣ እየጎተቱ በዚህ ድንጋይ ላይ መሄድ ሻንጣውንም እጅንም መጨረስ ስለሆነ፣ በዚያው ቀን በረራ ያለው ሰው ሻንጣውን ተርሚኒ ካለው ማስቀመጫ ይተወው።

ጊዜውንም መምረጥ ያሻል። ደሴ በጉምና በዝናብ በምትሸፈንበት ሐምሌና ነሐሴ ሮም ትጋላለች፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። የደጋ ሰው ይህን ሙቀት አይችለውም። ሚያዝያና ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በሙቀቱ ወራት መሄድ ግድ ከሆነ ጠዋት 7:00 ሰዓት ላይ ተርሚኒ ይገኙ፤ ከ13:00 እስከ 16:00 ከጥላ አይውጡ።

ውኃ መግዛት አያስፈልግም። በየመንገዱ ጥግ ናሶኒ የተባሉ፣ ከብረት የተሠሩ፣ ከወገብ ከፍ የሚሉ የቧንቧ ምሰሶዎች አሉ፤ ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ ናቸው፣ በከተማዋም 2,500 ያህል ይገኛሉ። ውኃው ቀንና ሌሊት ይፈስሳል፣ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ብዙ ሰው ጎንበስ ብሎ ከታች ሊጠጣ ሲሞክር ልብሱንና ጫማውን ያረጥባል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ ወደ ታች የታጠፈውን አፍንጫ ጫፉን በጣት ጥርቅም አድርጎ መድፈን፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ በአፍንጫው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈነጠቃል፤ ያኔ ቀና ብሎ መጠጣት ነው። ባዶ ጠርሙስ ይዞ መውጣት ይበቃል።

እናቶች ነጠላቸውን እንዳይረሱ። ቤተ ክርስቲያኖቹ ትከሻና ጉልበት የተገለጠበትን ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከበር ይመልሳሉ። ሌላው ችግር ሰዓቱ ነው፤ ትንንሾቹ አብያተ ክርስቲያናት እኩለ ቀን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12:30 እስከ 15:30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘጋሉ። ጠዋት ዘግይቶ የወጣ ሰው የተዘጉ በሮች ሲያይ ይውላል።

ስልክ ላይ ያለው ካርታ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይታመንም። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ያለው ሕንጻ ረጅም ሲሆን የጂፒኤስ ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመታ ስለሚደርስ ስልኩ እርስዎን በሚቀጥለው መንገድ ላይ ያቆምዎታል። ካርታውን በዋይፋይ አስቀድመው ያውርዱት፤ ከዚያ እርግጠኛ ለመሆን ቀና ብለው ግድግዳውን ይዩ። የመንገዱ ስም የሕንጻው ማዕዘን ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ በነጭ እብነ በረድ ተቀርጿል። ከስሙ አጠገብ ያለው የሮማውያን ቁጥር የሰፈሩ ቁጥር ነው፤ አሮጌዋ ሮም 22 ሰፈሮች አሏት። ቁጥሩ 2 ከሆነ ትሬቪ ውስጥ ነዎት፣ 9 ከሆነ ፓንቴዎን የተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ዙሪያ ደርሰዋል። ስልኩ ሲያሳስት ይህ ቁጥር አያሳስትም።

አሁን ወደ መንገዱ። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሊዮናርዶ ኤክስፕሬስ የተባለው ባቡር በ14 ዩሮ፣ በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል። ከጣቢያው ሲወጡ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ከባቡር ወርዶ የሚረግጠው የመጀመሪያ መሬት በዚያ ጦርነት የተሰየመ መሆኑን አውቆ ቢረግጠው ይሻላል።

ሐውልቱ ራሱ አደባባዩ ላይ የለም፤ እዚያ የሚፈልገው ሰው ዞሮ ዞሮ ያጣዋል። በ1920ዎቹ ተነስቶ ከአደባባዩ ወደ ፒያሳ ዴላ ሬፑብሊካ በሚወስደው በቪያሌ ሉዊጂ ኤይናውዲ ዳር ካለው የዛፍ ቦታ ተተክሏል፤ ከጣቢያው በር አምስት ደቂቃ ነው። ላዩ የግብፁ ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ያስቀረጸው ድንጋይ ነው፤ እግሩ ላይ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ከለገሃር የነቀሉትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት ከዚህ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘው እዚሁ አንበሳው ፊት ነው። አንበሳው አገሩ ገብቶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል፤ ሮም ላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ ስለ ዘርዓይም የሚያስረዳ ጽሑፍ እዚያ ተጽፎ አያገኙም። ለዚህ ነው አስቀድሞ አውቆ መሄድ የሚያስፈልገው። ቦታው ሲመሽ ጭር ስለሚል በቀን ይታይ።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ ተሂዶ ሳንታ ማሪያ ዴሊ አንጄሊ አለች፤ ሚካኤል አንጄሎ በንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ የነደፋት ቤተ ክርስቲያን ናት። የዲዮቅልጥያኖስን ስም ስንክሳር የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል። መግቢያዋ ነጻ ነው። ወለሉ ላይ የተዘረጋው የነሐስ መስመር በ1702 የተሠራ የፀሐይ መለኪያ ነው፤ ጣሪያ ሥር ካለች ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ጨረር ቀትር ላይ መስመሩን ያቋርጣል። የተሠራበት አንዱ ምክንያት በ1582 የታወጀው የጎርጎርዮስ ዘመን አቆጣጠር ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። እኛ የማንከተለው አቆጣጠር የተፈተነበት መስመር ማለት ነው። ጨረሩን ለማየት በብርድ ወራት 12:15፣ ሰዓት አንድ ወደ ፊት በሚገፋበት በሙቀቱ ወራት 13:15 አካባቢ መገኘት ያስፈልጋል፤ ደመና ካለ አይታይም።

ከፒያሳ ዴላ ሬፑብሊካ የሚነሳው ቪያ ናሲዮናሌ የተባለው መንገድ ሱቅ ብቻ ነው፤ አሥር ደቂቃ ቁልቁል ተሂዶ ይታለፋል። መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኲሪናሌ ይታጠፉ። ዛሬ የፕሬዚዳንቱ፣ ያኔ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነው። ከአደባባዩ በቪያ ዴላ ዳታሪያ ሲወርዱ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ ትሬቪ ነው። በ1762 የተጠናቀቀ፣ 26 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ ነው። ከ9:00 በኋላ የሰው ጎርፍ ስለሆነ ወደ ገንዳው ዳር የሚወርደው ሰው ቁጥር በአንድ ጊዜ ወደ 400 እንዲወሰን ተደርጓል፤ ሰልፍ አለው። ሰልፉ ረጅም ከሆነ ከላይ ሆኖ ማየቱ ይበቃል። ውኃው ውስጥ እግር መንከር በገንዘብ ያስቀጣል።

እዚህ ላይ ስለ ሌቦች እንናገር። ኪስ አውላቂ የሚበዛው ተርሚኒ፣ ሜትሮ ውስጥ፣ ትሬቪ ላይና ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚመላለሰው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ነው። ቦርሳ ወደ ፊት ይዞር፤ ፓስፖርት ከውስጥ ልብስ ጋር ይሁን፤ ፎቶ ለማንሳት ስልክ ሲወጣ ቦርሳው ክፍት አይቅር። ሌላው ክር አምባር ወይም ጽጌረዳ ይዞ የሚጠጋው ነው። ብዙ ጊዜ «አፍሪካ፣ ወንድሜ፣ ስጦታ ነው» እያለ እጅ ላይ ያስራል፤ ከታሰረ በኋላ ገንዘብ ይጠይቃል። የእኛ ሰው ሰላምታ አለመመለስ ስለሚከብደው በዚህ ይያዛል። ሰላምታውን እየተራመዱ መመለስ፣ እጅን ግን አለመስጠት ነው።

ከትሬቪ በቪያ ዴሌ ሙራቴ ወጥተው ቪያ ዴል ኮርሶን ይሻገሩ፤ በፒያሳ ዲ ፒዬትራ ግድግዳ ውስጥ የተዋጡትን 11 የሐድሪያን ቤተ መቅደስ ዓምዶች አልፈው በቪያ ዴይ ፓስቲኒ ይቀጥሉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፓንቴዎን ፊት ይቆማሉ።

ፓንቴዎን ፊት ላይ በትልቁ የተቀረጸው የጥንቱ ሮማዊ ሹም የአግሪጳ ስም ሰውን ያሳስታል። አግሪጳ የሠራው ቀደም ብሎ ተቃጥሏል፤ አሁን የቆመውን በ126 ገደማ ያስፈጸመው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ነው፤ የቀድሞውን ስም ግን አላነሳም። የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ ጉልላቱ አናት ያለው ከፍታም ያው ነው። ብረት የሌለበት ኮንክሪት ሆኖ 1,900 ዓመት ያህል ሊቆም የቻለው ግንበኞቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ድብልቁ ውስጥ የሚጨምሩትን ድንጋይ እያቀለሉ ስለሄዱ ነው፤ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ከአናቱ አጠገብ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ዓይነት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። አናቱ ክፍት ነው፤ ዝናቡ ይገባል። ወለሉ መካከሉ ትንሽ ጉብ ያለ ሲሆን 22 ቀዳዳዎች ውኃውን ያስወግዳሉ። ጎንበስ ብለው ይፈልጓቸው። መግቢያው 5 ዩሮ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድም ለሁሉም ነጻ ነው። ደጃፍ ላይ «ሰልፍ ላስዘልልህ» የሚሉ ሻጮች እጥፍ ድርብ ስለሚያስከፍሉ ከራሱ ከፓንቴዎን መስኮት ወይም ድረ ገጽ ይገዛ።

ከገቡ በኋላ ወደ ግራ ይሂዱ። የሠዓሊው ራፋኤል መቃብር ካለበት ወገን የንጉሥ ኡምቤርቶ 1ኛ መቃብር አለ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1889) ውጫሌ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተፈረመው ውል የኢጣሊያ ወገን በስሙ የፈረመለት ንጉሥ ይህ ነው፤ አድዋ ላይ ጦሩ የተሸነፈበትም እሱ ነው፤ በ1900 ሞንዛ ላይ በጥይት ተገደለ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ውጫሌን አልፎ ይሄዳል፤ የውሉ አንዱ ጫፍ አምባሰል ውስጥ፣ ሌላው ጫፍ እዚህ እብነ በረድ ሥር ነው። ብዙ ጊዜ መቃብሩ አጠገብ የነገሥታቱ የክብር ጠባቂዎች ማኅበር ሰዎች የፊርማ መዝገብ ዘርግተው ይቆማሉ። መፈረም ግዴታ አይደለም፤ አጎንብሶ ማለፍም እንዲሁ። ለልጆች ነገሩን ማስረዳት የሚፈልግ ወላጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳ፤ ጠባቂዎቹ ጫጫታ አይወዱም።

ከፓንቴዎን ጀርባ ሳንታ ማሪያ ሶፕራ ሚኔርቫ አለች። ፊቷ ላይ ያለውን በ1667 የቆመ፣ ሐውልት የተሸከመ የድንጋይ ዝሆን ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል። የዶጋሊ ሐውልት የተባለው የግብፅ ድንጋይ በ1883 ተቆፍሮ የወጣው ከዚሁ ሰፈር ነው፤ በጥንት ዘመን እዚህ የግብፃውያን አማልክት ቤተ መቅደስ ነበር። ዝሆኑን ካዩ በኋላ ዘወር ብለው የቤተ ክርስቲያኗን ፊት ግድግዳ ቀኝ ጫፍ ይመልከቱ። ትንንሽ የእብነ በረድ ሰሌዳዎች በተለያየ ከፍታ ተለጥፈዋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ጣቱን የቀሰረ እጅ ተቀርጿል። ጣቱ የሚያሳየው የቲቤር ወንዝ ሲሞላ ውኃው የደረሰበትን ልክ ነው። የ1530ው አለ። የታኅሣሥ 1598ቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው፤ እጅ ዘርግቶ ቆሞ ለመንካት የሚሞክር ሰው አይደርስበትም። ቦርከና ሲሞላ ያየ የኮምቦልቻ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሰፈሩ ወንዙ በሚታጠፍበት ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ስለተሠራ ውኃው በየዘመኑ ይገባ ነበር፤ የቆመው ከ1870ው ጎርፍ በኋላ ወንዙ ግራና ቀኝ በረጅም ግንብ ሲታጠር ነው። ከተማው የዘመኑን ልክ ግድግዳው ላይ ጽፎ ማቆየቱ በጣም ደስ ይላል።

ምሳ የሚበላበት ሰዓት እዚህ ላይ ይደርሳል። ጾም ለያዘ ሰው ሮም አትከብድም፤ ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም። በክብደት ተቆርጦ የሚሸጠው ፒዛ ሮሳም እንዲሁ ነው። ስፓጌቲ አሊዮ ኤ ኦሊዮ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ይሠራል፤ አይብ ግን አንዳንዴ ከላይ ይነሰንሱበታልና «ሴንሳ ፎርማጆ» ብሎ ማስጠንቀቅ ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችን ጥንቃቄው ሌላ ነው። ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ የተባሉት የሮም ፓስታዎች በሙሉ የአሳማ ጉንጭ አለባቸው። አንዳንድ ቤት ሊጡ ውስጥ ስትሩቶ የተባለ የአሳማ ስብ ስለሚገባ «ስትሩቶ ኖ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሱፕሊ የሚባለው የሩዝ ጥብስ ብዙ ጊዜ ሥጋ አለበት። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆመው ሲጠጡ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ያንኑ ሲኒ ይዘው ወንበር ላይ ከተቀመጡ፣ በተለይ አደባባይ ፊት፣ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊያስከፍል ይችላል። ዋጋው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ መጀመሪያ እሱን ማንበብ ነው። ሽንት ቤትም ቡና በጠጡበት ቤት መጠቀም ነው፤ መንገድ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።

ፒያሳ ናቮና አምስት ደቂቃ ነው። ቅርጹ ረዘም ያለው በ86 የተሠራው የንጉሠ ነገሥት ዶሚሽያን የሩጫ ሜዳ ስለነበረ ነው። መካከሉ ላይ በ1651 የተመረቀው የቀራጺው የበርኒኒ የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ አለ፤ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነው ሰው ዓባይ ነው፣ ምንጩ አይታወቅም ለማለት። ነገር ግን የስፔኑ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግሽ ዓባይን ያየው በ1618 ነው፤ አገሩ የኖረው ሕዝብ ደግሞ ከዚያ በፊትም ያውቀዋል። በሽሎ ከወሎ ተራሮች ጠርጎ የሚወስደው ውኃ የሚገባው እዚሁ ወንዝ ውስጥ ነው።

ከናቮና ሰሜን ጫፍ ወጥተው ቪያ ዴይ ኮሮናሪን ይያዙ። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ለዘመናት የተመላለሱበት፣ መቁጠሪያ ሻጮች የተደረደሩበት መንገድ ነው፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ አያሳስትም። በ134 ገደማ በተሠራው በሳንታንጄሎ ድልድይ ቲቤርን ይሻገሩ፤ ከፊት ያለው ክብ ግንብ የሐድሪያን መቃብር የነበረ ነው። ከዚያ ወደ ግራ፣ በሰፊው ቪያ ዴላ ኮንቺሊያሲዮኔ ቀጥ ብሎ አደባባዩ ይታያል።

ባሲሊካው፣ ማለትም ትልቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚፈጀው ፍተሻው ነው። ጠዋት 7:00 ሲከፈት ወይም ከሰዓት ዘግይቶ መሄድ ሰልፉን ያሳጥራል። ረቡዕ ጠዋት ፓፓው ሕዝብ የሚቀበሉበት ስለሆነ ባሲሊካው እስከ ቀትር ይዘጋል፤ ይህን ሳያውቁ የሚመጡ ብዙ ናቸው። ጉልላቱ ላይ ለመውጣት ይከፈላል፤ በእግር 551 ደረጃ፣ በአሳንሰር ከጀመሩ የሚቀረው 320 ነው። የመጨረሻው ክፍል ጠባብና ዘንበል ያለ ስለሆነ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ይቅርበት። ጉልበቱ ላለው ግን ይህን አጥብቀን እንመክራለን፤ ምክንያቱም ከላይ ሆኖ በአደባባዩ ተቃራኒ፣ ወደ አትክልት ቦታው ቁልቁል ሲያዩ የኛ ነገር ያለው እዚያ ነው። ከባሲሊካው ጀርባ ግድግዳ ሥር ያለችው ትንሽ ባለ ሸክላ ጣሪያ ቤተ ክርስቲያን ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ናት። ፓፓ ሲክስቱስ 4ኛ በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰጧት ናት። ከአትክልቱ መካከል የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንጻም አለ። ሁለቱም ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆኑ ዝም ብሎ ሄዶ መግባት አይቻልም። ከጠባቂዎች ጋር መከራከርም ዋጋ የለውም፤ ያለ ፈቃድ ማየት የሚቻለው ከጉልላቱ ነው።

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 የወጣው ከሮም ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት እዚችው ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠው ነው። መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1649፣ ያኔ አምሐራ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር የመካነ ሥላሴ ተወላጅ የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙት እዚሁ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግዕዙንና አማርኛውን አስተማሩት፤ በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው አብረውት ሠሩ፤ ሲመለሱ በ1658 መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእሳቸው በተማረው ላይ የቆመ ነው። የዚህ ቋንቋ የመጀመሪያ የታተመ ሰዋስው መምህር የወሎ ሰው መሆናቸውን የደሴ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል፤ ሮም ደርሶ ያችን ጣሪያ ሳያይ መመለሱም ያስቆጫል።

መመለሻው ቀላል ነው። ከአደባባዩ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ወደ ሰሜን በእግር ኦታቪያኖ ሜትሮ ጣቢያ አለ፤ በኤ መስመር ስድስተኛው ፌርማታ ተርሚኒ ነው። ቲኬቱ 1.50 ዩሮ ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ ማሽኑ ላይ ሳይመታ የተያዘ ቲኬት እንደሌለ ይቆጠራል፣ ቅጣቱም ከቲኬቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በመጨረሻ አንድ እርማት። ጽሑፋችሁ የአክሱም ሐውልት ዛሬም ሮም ቆሞ እንደሚታይ አድርጎ አቅርቧል። አይደለም። በ1937 ተወስዶ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ በጊዜው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር፣ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሆነው ሕንጻ ፊት ተተክሎ ነበር። ኢጣሊያ በ1947ቱ የሰላም ውል ለመመለስ ብትፈርምም ሐውልቱ አክሱም የገባው በሚያዝያ 2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ነው፤ በ2008 እንደገና ቆሟል። ቦታውን ማየት የሚፈልግ ከተርሚኒ በሜትሮ ቢ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ይውረድ፤ ሲወጣ ከፊቱ ያገኘዋል። አሁን እዚያ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዓምዶች በ2009 ለመስከረም 11ዱ የአሜሪካ ጥቃት መታሰቢያ የቆሙ ናቸው፤ ከእኛ ሐውልት ጋር አይምታቱ።

ይህን ደብዳቤ ካተማችሁት የመንገዶቹን ስም በላቲን ፊደልም ጨምራችሁ፣ ተቆርጦ ኪስ በሚገባ መጠን ብታወጡት ጥሩ ነው፤ መንገደኛው ግድግዳው ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር የሚያመሳክረው በዚያ ፊደል ስለሆነ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ፣ ከደሴ